የእንግሊዝኛ ቃል ብቻውን አይሸመደድም፦ ስለ ኮሎኬሽን በቀላል አማርኛ

ቡና ይፈላል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል፣ እንጀራ ይጋገራል፣ ወጥ ይሰራል። ደሴ ያደገም ሆነ ወረኢሉ ያደገ ልጅ ይሄን ማንም ቁጭ አርጎ አላስተማረውም፣ ግን አንድ ፈረንጅ መጥቶ «ጠላ ጋገርኩ» ወይ «ቡና ጠመቅኩ» ቢለው ወዲያው ጆሮውን ይቆረቁረዋል፣ ሰውየው ምን ማለት እንደፈለገ በደንብ ይገባዋል፣ ሰዋስውም አልተሳሳተም፣ ግን እንደዛ አይባልም። ለምን አይባልም ብላችሁ ብትይዙት ደግሞ መልስ የለውም፣ አይባልም በቃ።

እንግሊዝኛ ላይ ኮሎኬሽን የሚባለው ነገር ይሄው ነው፣ አንድ ቃል ከየትኛው ሌላ ቃል ጋር መሄድ ለምዷል የሚለው ጉዳይ። ይሄን ለመጻፍ የተነሳሁት እዚህ ደሴ ተማሪ ሳስጠና በተደጋጋሚ የማየው ነገር ስላለ ነው፣ ብዙ ቃል የሚያውቅ፣ ስፔሊንግ የማይስት፣ ቴንስ የማያምታታ ልጅ ጽሁፍ ጽፎ ሲያመጣ አረፍተ ነገሩ የእንግሊዝኛ ልብስ የለበሰ አማርኛ ሆኖ ይገኛል። «ዘ ቲቸር ኦፕንድ ዘ ቲቪ»፣ «አይ ጌቭ ኤ ዲሲዥን»፣ «ሂ ፌል ዘ ኤግዛም»። ልጁ ሰነፍ አይደለም እኮ። «ኦፕን» መክፈት ነው፣ «ጊቭ» መስጠት ነው፣ «ፎል» መውደቅ ነው ተብሎ ነው የተማረው፣ የተማረውንም ሳያዛንፍ ነው የተጠቀመው። ጣጣው ያለው ከግራ እንግሊዝኛ ከቀኝ አማርኛ እየተጻፈ ቃል አንድ በአንድ የሚሸመደድበት ደብተር ላይ ነው፣ ያ ደብተር ደግሞ ከሶስተኛ ክፍል ጀምሮ ሁላችንም ጋ አለ።

ነገሩ የእንግሊዝኛ ክፋት እንዳይመስላችሁ መጀመሪያ ወደራሳችን እንይ። ልብስ መልበስ እንላለን፣ ጫማ ማድረግ፣ ቀበቶ መታጠቅ፣ ሰዓት ማሰር፣ ጋቢ መደረብ፣ ነጠላ ማጣፋት፣ ሽርጥ ማገልደም፣ ጥምጣም መጠምጠም፣ ሽቶ መቀባት። እንግሊዝ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ነው ያለው፣ «ዌር»። ኮፍያም «ዌር»፣ መነጽርም «ዌር»፣ ቀለበትም «ዌር»፣ ሽቶ እንኳን «ዌር ፐርፊውም» ነው የሚባለው። አማርኛ የሚማር እንግሊዝ ስንት ነገር እንደሚጠብቀው አስቡት። በዚህ በኩል ለኛ ቀሎልናል ማለት ነው፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ «ዌር» ለብሶ መገኘትን ነው የሚናገረው፣ የመልበሱን ድርጊት ሲፈልጉ «ፑት ኦን» ይላሉ። ጠዋት ተነስቼ ጫማዬን አርጌ ወጣሁ ለማለት «አይ ፑት ኦን ማይ ሹዝ» ነው። ሲወልቅ ደግሞ «ቴክ ኦፍ»፣ ላሊበላ ቤተክርስቲያን ደጃፍ ላይም ሆነ መስጊድ በር ላይ እንግዳ የምታስገቡ ልጆች ይቺ በየቀኑ የምትጠቅማችሁ ናት፣ «ፕሊስ ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»። «ሪሙቭ ዩር ሹዝ»ም ስህተት አይደለም፣ እሱ ግን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚያምር ዓይነት ነው፣ በአፍ ሲሆን ትንሽ ይከብዳል።

ይሄን ነገር የቋንቋ ምሁራን ዝም ብለው አላለፉትም። ጄ. አር. ፈርዝ የሚባል እንግሊዛዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ በ1957 ያሳተመው ጽሁፍ ላይ የቃል ትርጉም አብረውት ከሚውሉት ቃላት እንደሚታወቅ ተናግሯል፣ እስከዛሬም ስለ ኮሎኬሽን የሚጽፍ ብዙ ሰው ከሱ ነው የሚነሳው። የሱ ተማሪ የነበረው ሃሊዴይ ደግሞ በ1966 ዛሬ ድረስ በየክፍሉ የሚነገረውን ምሳሌ አመጣ፣ እንግሊዝ «ስትሮንግ ቲ» ይላል እንጂ «ፓወርፉል ቲ» አይልም፣ መኪና ሲሆን ግን «ፓወርፉል ካር» ነው፣ ሁለቱም ቃላት ግን ጉልበትን ነው የሚናገሩት። ከዛ ኮምፒውተር መጣ። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ሲንክሌር የመራው ኮቢልድ የተባለ ፕሮጀክት ከ1980 ጀምሮ ከመጽሐፍ፣ ከጋዜጣና ከንግግር እንግሊዝኛ እየሰበሰበ ኮምፒውተር ላይ ከምሮ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚመጣ ፈተሸ፣ በ1987ም መዝገበ ቃላቱ ወጣ። ሲንክሌር ያየው ነገር ለኛ በጣም ነው የሚጠቅመን፣ ሰው ሲናገር ቃል በቃል እየመረጠ አይደለም አረፍተ ነገር የሚሰራው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ የተዘጋጀ ሁለት ሶስት ቃል አንድ ላይ ነው የሚያነሳው። እኛም አማርኛ ስናወራ የምንፈጥነው ለዚህ ነው፣ «ቡና» ስንል «አፈላ» ቀድሞ ምላሳችን ላይ ደርሷል። እንግሊዝኛ ላይ የምንንተባተበው ደግሞ እያንዳንዷን ቃል ለብቻዋ ሄደን ስለምናመጣት ነው፣ ሰሚውም እንደዛው ይደክመዋል፣ ያልጠበቀው ቃል በመጣ ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የኛ ስህተት በዘፈቀደ አይደለም የሚመጣው፣ ከየትኛው የአማርኛ ግስ እንደሚነሳ ማወቅ ይቻላል፣ በኔ ግምት ትልቁ ወጥመድ «መያዝ» ነው። አማርኛ በዚህ ቃል ስንት ነገር ነው የሚሰራው! ጉንፋን ያዘኝ። ታክሲ ያዝኩ። ቀጠሮ ያዝኩ። ማስታወሻ ያዝኩ። አልጋ ያዝኩ። ቦታ ያዝልኝ። ሥራ ያዘ። ቂም ያዘብኝ። ይሄን ሁሉ «ሆልድ» ብላችሁ ብትገለብጡት ከስምንቱ በደንብ የሚተርፈው ቂም ነው፣ «ሆልድ ኤ ግራጅ» ይባላል፣ ልክ እንደኛ።

ሌሎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። ጉንፋን ላይ አቅጣጫው ራሱ ይገለበጣል፣ እኛ ጋ ጉንፋኑ ነው ሰውየውን የሚይዘው፣ እነሱ ጋ ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፣ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»፣ የ«ኬች» ኃላፊ ጊዜ ነው። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይቺን አረፍተ ነገር በደንብ ቢይዛት ይጠቅመዋል። ታክሲም ማስታወሻም በ«ቴክ» ይሄዳሉ፣ «ቴክ ኤ ታክሲ»፣ «ቴክ ኖትስ»። ቀጠሮ በ«ሜክ» ነው፣ «ሜክ አን አፖይንትመንት»፣ እሱም ከሐኪም ወይ ከቢሮ ጋር ሲሆን ነው፣ ከጓደኛ ጋር ቡና ለመጠጣት ተቀጣጥራችሁ ከሆነ «አፖይንትመንት» አይባልም፣ «አይም ሚቲንግ ኤ ፍሬንድ» ብሎ ማለፍ ነው፣ ይሄ ብዙ ሰው ጋ የማየው ስለሆነ ነው ያነሳሁት። አልጋ ያዝኩ ስንል ሆቴል ማለታችን ነው፣ እንግሊዝ አልጋውን አይጠራም፣ ክፍሉን ነው የሚጠራው፣ «ቡክ ኤ ሩም»፣ እንግዳ የሚቀበል ሰው «ዱ ዩ ዋንት ቱ ሆልድ ኤ ቤድ» ብሎ ቢጠይቅ እንግዳው አልጋ ተሸከም የተባለ ነው የሚመስለው። ቦታ ያዝልኝ «ሴቭ ሚ ኤ ሲት» ነው። ሥራ ያዘ ደግሞ «ጎት ኤ ጆብ»። ያያችሁት እንግዲህ አንድ የአማርኛ ግስ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ስንት ቦታ እንደተበተነ ነው፣ መዝገበ ቃላት ላይ «መያዝ» ብላችሁ ፈልጋችሁ ይሄን አታገኙትም፣ የሚገኘው በስሙ በኩል ነው፣ ማለትም «አፖይንትመንት» ጋ ሄዳችሁ ከማን ጋር ይሄዳል ብላችሁ ስትጠይቁ።

ይሄ ነጥብ ትንሽ ይደገም፣ ምክንያቱም አጠናን ላይ ሁሉን ይቀይራል። ፍለጋው ከስሙ ይጀምር። ስሙ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም፣ ውሳኔ «ዲሲዥን» ነው፣ ትኩረት «አቴንሽን» ነው፣ ፈተና «ኤግዛም» ነው። የሚያንገራግረው ግሱ ነው። ውሳኔ እኛ እንሰጣለን፣ እነሱ «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ይላሉ። ትኩረት እኛ እንሰጣለን፣ እነሱ ይከፍላሉ፣ «ፔይ አቴንሽን»። ፈተና አስተማሪው ይሰጣል ተማሪው ይፈተናል፣ እነሱ ጋ አስተማሪው «ጊቭ» ያረገውን ተማሪው «ቴክ» ያደርጋል፣ የብሪታንያ ሰዎች «ሲት አን ኤግዛም»ም ይላሉ። ፈተና ሲታለፍ «ፓስ» ነው፣ ይሄ ከኛ ጋር አንድ ነው፣ ሲወደቅ ግን «ፎል» አይደለም «ፌይል» ነው፣ «ሂ ፌይልድ ዘ ኤግዛም»። «ፎል» ቀጥ ብሎ መሬት መውደቅ ነው፣ ወይ ደግሞ እንቅልፍ፣ «ፎል አስሊፕ»፣ እኛን እንቅልፍ ይወስደናል፣ እነሱ ይወድቁበታል።

«ፔይ» ካነሳን አይቀር ገንዘብ የሌለባቸው ቦታዎቹን እወቋቸው፣ «ፔይ አቴንሽን» አንዱ ነው፣ ሰው መጠየቅ «ፔይ ኤ ቪዚት» ነው፣ ሰውን ማድነቅ «ፔይ ኤ ኮምፕሊመንት» ነው፣ ለቅሶ መድረስም በዚሁ በኩል ይመጣል፣ «ፔይ ማይ ሪስፔክትስ»። ወሎ ላይ ለቅሶ መድረስ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ነው የሚደርሰው፣ አንድ ተማሪ ትናንት ክፍል ያልመጣሁት ለቅሶ ደርሼ ነው ለማለት «ለቅሶ»ንና «መድረስ»ን ለየብቻ ፈልጎ «አይ ሪችድ ኤ ክራይ» ቢል ማንም አይረዳውም። «አይ ዌንት ቱ ፔይ ማይ ሪስፔክትስ» በቂ ነው፣ ወይም ሐዘንተኛውን አጽናናሁ ለማለት «ኦፈርድ ማይ ኮንዶለንስስ»።

መክፈትና መዝጋት ብዙ አያስቸግሩም፣ ቶሎ ልለፋቸው። በር፣ ሱቅ፣ የባንክ አካውንት በ«ኦፕን» ይከፈታሉ። ኤሌክትሪክ ያለበት ነገርና የውሃ ቧንቧ ግን «ተርን ኦን» «ተርን ኦፍ» ነው፣ ቲቪ፣ ሬድዮ፣ መብራት፣ ሁሉም። ስልክ ዘጋብኝ ማለት «ሂ ሃንግ አፕ ኦን ሚ» ነው።

ቅጽሎች ላይ ደግሞ «ከባድ»ን ተጠንቀቁት። ከባድ ሻንጣ «ሄቪ ባግ»፣ ከባድ ዝናብ «ሄቪ ሬይን»፣ መንገዱ በመኪና ሲጨናነቅ «ሄቪ ትራፊክ»፣ እስካሁን ሰላም ነው። ከዛ በኋላ ይለያያሉ፣ ከባድ ፈተና «ሃርድ» ወይ «ዲፊከልት» ነው፣ ከባድ በሽታና ከባድ ስህተት «ሲሪየስ» ናቸው፣ ከባድ እንቅልፍ «ዲፕ ስሊፕ» ነው። ነፋስ ሲበረታ «ስትሮንግ ዊንድ»፣ ዝናብን ግን «ስትሮንግ ሬይን» አይሉትም። ክረምት ላይ ደሴን ጥቅጥቅ አርጎ የሚሸፍናት ጉም «ቲክ ፎግ» ነው፣ ያው ወፍራም እንደማለት፣ እኛ ግን ወፍራም የምንለው ቡናውን ነው፣ አቦሉ ወፍራም ነው፣ በረካው ሲደርስ ይቀጥናል። እንግሊዝኛው ወፍራሙን ቡና «ስትሮንግ ኮፊ» ቀጭኑን «ዊክ ኮፊ» ይለዋል፣ «ቲክ ኮፊ» ካላችሁ ፈረንጁ አተላው ነው የሚመጣለት። ቡና ስታቀርቡ እንግዳ ከጠየቃችሁ «ዱ ዩ ላይክ ኢት ስትሮንግ» በሉት፣ ደስ ይለዋል።

«በጣም»ም አለ። አማርኛ በ«በጣም» ሁሉን ይጨርሳል፣ እኛም «ቬሪ» እያልን ሁሉ ቦታ እንተክለዋለን። ብዙ ጊዜ ስህተት አይሆንም፣ ግን ቋንቋው የራሱ የተለመዱ አሉት፣ በጣም እመክራለሁ «ሃይሊ ሪኮመንድ»፣ በጣም እስማማለሁ «ስትሮንግሊ አግሪ»፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር «ቢተርሊ ኮልድ»፣ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት አገር «ዴንስሊ ፖፑሌትድ»። የመጨረሻዋን ጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ አይታችኋታል፣ ለብቻዋ እንደ አንድ ቃል ያዟት።

ከግስ ኋላ የሚመጡት ትንንሽ ቃላትም እዚሁ ውስጥ ናቸው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት» እንላለን፣ «ዲስከስ» ግን «አባውት» አይፈልግም፣ ጉዳዩን ቀጥታ ነው የሚወስደው። «ከሷ ጋር ተጋባ» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ ኸር» እንላለን፣ «ሜሪድ ኸር» ይበቃዋል፣ ባለትዳርነቱን ለመናገር ከሆነ «ሜሪድ ቱ» ነው። «አስረዳኝ» አንድ ቃል ስለሆነ «ኤክስፕሌን ሚ» እንላለን፣ «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ነው የሚባለው። እነዚህ ሶስቱ ደሴ ላይ ብቻ አይደለም፣ ዲግሪ የያዘ ሰው ጽሁፍ ላይም በየቀኑ አያቸዋለሁ።

«ሜክ» እና «ዱ» ላይ ብዙ ክርክር አለ። የሚሰጠው መመሪያ እንዲህ ነው፣ ሥራና ግዴታ ከሆነ «ዱ»፣ በመጨረሻ የሚወጣ ነገር ካለ «ሜክ»። «ዱ ሆምወርክ»፣ «ዱ ዘ ዲሽስ»፣ «ዱ ሚ ኤ ፌቨር»፣ በሌላ በኩል «ሜክ ኮፊ»፣ «ሜክ ኤ ፕላን»፣ «ሜክ ኖይዝ»፣ «ሜክ መኒ»፣ «ሜክ ኤ ሚስቴክ»። መመሪያው መጀመሪያ ላይ ይረዳል፣ ግን አልጋ ማንጠፍ «ሜክ ዘ ቤድ» ነው፣ አዲስ አልጋ አልተሰራም፣ ጥረት ማድረግ «ሜክ አን ኤፈርት» ሆኖ አቅምን ሁሉ መጠቀም ደግሞ «ዱ ዩር ቤስት» ነው። ስለዚህ ደንቡን ለመገመት ተጠቀሙበት፣ ሰው ጽፎት ካያችሁ ደግሞ ያያችሁትን እመኑ።

እንደዚህ ስዘረዝር ሁሉም ነገር የሚለያይ እንዳይመስላችሁና እንዳትፈሩ፣ የሚገጥመውም ብዙ ነው። እርምጃ መውሰድ «ቴክ አክሽን»፣ መልስ መስጠት «ጊቭ አን አንሰር»፣ ጦርነት ማወጅ «ዲክሌር ዎር»፣ ችግር መፍታት «ሶልቭ ኤ ፕሮብለም»። የጾም ነገር ግን ለወሎ ሰው ልዩ ነው፣ ረመዳን ላይ ማፍጠርን እንግሊዝኛው «ብሬክ ዘ ፋስት» ይለዋል፣ ሰበረ እንደማለት፣ የኛ ሰው ሲሰማው ጾሙን የገደፈ ይመስለዋል፣ ግን በሰዓቱ ማፍጠርም «ብሬክ» ነው፣ ነውር የለበትም። ጸሎት ደግሞ «ሴይ ኤ ፕሬየር» ነው፣ እነሱ ጸሎት ይላሉ፣ እኛ እናደርሳለን።

አንድ የምቃወመው ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ እንግሊዝኛ እናስተምራለን የሚሉ ቻናሎች በየቀኑ ፈሊጥ ይለጥፋሉ፣ «ድመትና ውሻ ዘነበ» ማለት ከባድ ዝናብ ጣለ፣ «ባልዲ መታ» ማለት ሞተ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር፣ ልጆቹም ይሄን ይሸመድዱና አንድም ቀን የሚሉበት ቦታ አያገኙም፣ እንግሊዞቹ ራሳቸው ብዙ አይሏቸውም። በዛው ሰዓት «ሄቪ ሬይን» የምትለዋን አያውቋትም፣ እሷ ግን ዜናውም ላይ መማሪያ መጽሐፉም ላይ የአየር ትንበያውም ላይ አለች። ቃላት ሲቀናጁ ሶስት ዓይነት ናቸው፣ አንደኛው ልቅ ነው፣ ዳቦ መግዛት፣ መጽሐፍ መግዛት፣ የፈለጋችሁትን አስገቡበት፣ ይሄ ጥናት አይፈልግም። በሌላው ጫፍ ፈሊጡ አለ፣ ከቃላቱ ትርጉሙ የማይገኝ። መሃል ላይ ያለው ነው ኮሎኬሽን፣ ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ ምርጫው ግን የተወሰነ ነው፣ ሲያነቡት ሁሉም ሰው ይገባዋል፣ ሲጽፉት ነው የሚያስቸግረው፣ ስለሚገባን ደግሞ ሳናየው እናልፈዋለን። ጊዜያችሁን እዚህ መሃል ላይ አውሉት።

ለምን ይሄን ያህል ተቀራራቢ ቃል ኖራቸው ለሚል ሰው አንዱ መልስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ በ1066 ከፈረንሳይ የመጡ ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የፈረንሳይኛ ቃል በብዛት ገባና አንድ ነገር ሁለት ስም ያገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፣ «ባይ» እና «ፐርቼዝ»፣ «ቢጊን» እና «ኮሜንስ»፣ «ሄልፕ» እና «አሲስት»። የገበያው ቃል ዳቦ ይገዛል፣ የቢሮው ቃል መሬትና ማሽን ይገዛል። «ፐርቼዝ ብሬድ» የሚል ሰው ብዙም አይገኝም።

አጠናኑ ላይ እንምጣ። ውድ መጽሐፍ ወይ ኮርስ ከመፈለጋችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ተጠቀሙ። አገራችን ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ማለትም ባዮሎጂውም ሂስትሪውም ሒሳቡም የኮሎኬሽን መጽሐፍ ነው፣ ገጠር ኔትወርክ በሌለበትም አለ። ባዮሎጂውን ስታነቡ «ካሪ አውት አን ኤክስፐሪመንት»፣ «ድሮው ኤ ኮንክሉዥን»፣ «ፎቶሲንተሲስ ቴክስ ፕሌስ» የሚሉትን አስምሩባቸው፣ ሒሳብ ላይ «ሶልቭ አን ኢክዌዥን» ይላል እንጂ «አንሰር አን ኢክዌዥን» አይልም። ታሪክ ላይ የራሳችንን ውሰዱ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ የምታልፏት ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም የተፈረመው ውል አለ አይደል፣ «ትሪቲ» የምትለው ቃል ከማን ከማን ጋር እንደምትመጣ በሱ ብቻ መማር ይቻላል፣ ሲፈራረሙ «ሳይን ኤ ትሪቲ»፣ መንግስት ሲያጸድቀው «ራቲፋይ»፣ አንዱ ወገን ሲጥሰው «ቫዮሌት»፣ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም እንዳደረጉት አልቀበልም ብሎ ሲወጣ «ሪናውንስ»። ታሪኩን ስለምታውቁት ግሶቹ በየቦታቸው ይቀመጣሉ፣ ለየብቻ ብትሸመድዷቸው ግን በሳምንቱ የሉም።

ላሊበላ አካባቢ አስጎብኚ የሆናችሁ ወይ መሆን የምትፈልጉም እንደዛው የራሳችሁን ሥራ ቃላት ሰብስቡ። እ.ኤ.አ በ1978 ዩኔስኮ የመዘገባቸው 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት «ሮክ ሂውን ቸርችስ» ነው የሚባሉት፣ «ሂው»፣ መፈልፈል የምትለው ግስ፣ ዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ ብዙም አትሰማም፣ ከአለት ጋር ግን ቦታዋን አልለቀቀችም። ዘመናቸውን ስትናገሩ «ዴት ባክ ቱ» ነው፣ ምእመኑ በገና ሲመጣ «ጎ ኦን ኤ ፒልግሪሜጅ» ነው። ሃያ ሰላሳ እንደነዚህ ያሉ ጥንዶችን አፋችሁ ላይ ካደረጋችሁ ከሺህ ነጠላ ቃል በላይ ይሰሩላችኋል።

ደብተሩን ቀይሩት። ስሙን ገጹ መሃል ጻፉና ግሶቹን በግራ፣ ቅጽሎቹን ከላይ፣ አንድ እውነተኛ አረፍተ ነገር ከታች። «ዲሲዥን» ብትሉ፣ ግራው ላይ «ሜክ»፣ «ሪች»፣ «ቼንጅ»፣ ከላዩ «ሃርድ»፣ «ፋይናል»፣ ከታች ደግሞ ስለራሳችሁ አንድ አረፍተ ነገር፣ ከኮምቦልቻ ሥራና ከደሴ ትምህርት የቱን እንደመረጣችሁ ለምሳሌ። አማርኛውን መጻፍ ከፈለጋችሁ ሙሉውን ጻፉት፣ «ውሳኔ ሰጠ» ብላችሁ፣ «ሜክ» ጎን «መስራት» ብላችሁ አትጻፉ። አንድ ቀን ላይ አትከምሯቸው፣ ትንሽ ትንሽ እያረጋችሁ በማግስቱ፣ ከዛ በሳምንቱ፣ ከዛ በወሩ ተመለሱባቸው፣ ስትመለሱም ግሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ስሙን ብቻ እያያችሁ አስታውሱት።

ስልክ ያለው ሰው ኢንተርኔት ባይኖረውም አንድ መሣሪያ አለው፣ ኪቦርዱ። የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ላይ «ሄቪ» ብላችሁ ጽፋችሁ ስፔስ ስትነኩ ከላይ ቀጣይ ቃል ይጠቁማችኋል፣ ያ ጥቆማ የመጣው ብዙ ሰው ከጻፈው ጽሁፍ ላይ የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚከተል ተቆጥሮ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ኪቦርዱ ከናንተም ይማራል፣ ሁልጊዜ የተሳሳተውን ስትጽፉ ከቆያችሁ እሱንም መልሶ ያቀርብላችኋል፣ ስለዚህ አዲስ ስልክ ወይ የሌላ ሰው ስልክ ላይ አወዳድሩት።

ዳታ ሲኖር ደግሞ ጎግል ላይ ጥንዱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታችሁ ፈልጉ፣ የሚመጣውን ቁጥር ብዙ አትመኑት፣ ማን ነው የጻፈው የሚለውን እዩ፣ ትልልቅ ጋዜጦችና ዩኒቨርሲቲዎች ከጻፉት ጥሩ ነው። ስኬል የሚባል ነጻ ድረገጽም አለ፣ አንድ ቃል ስትሰጡት አብረውት የሚመጡትን ግሶችና ቅጽሎች ለይቶ ይደረድራል። ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው የኮሎኬሽን መዝገበ ቃላትም አለ፣ እንደ ተራ መዝገበ ቃላት ትርጉም አይደለም የሚሰጠው፣ ጓደኞቹን ነው የሚሰጠው፣ አንድ ትምህርት ቤት ላይብረሪ ገንዘብ አግኝቶ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ግዛ ቢባል እኔ እሱን ነው የምመርጠው። ጎግል ትራንስሌት አማርኛን እ.ኤ.አ ከ2016 ጀምሮ ይተረጉማል፣ ከተጠቀማችሁበት ግን ነጠላ ቃል አትስጡት፣ «ቀጠሮ ያዝኩ» ብላችሁ ሙሉውን ስጡት፣ የሰጣችሁንም መልሳችሁ በሌላ መንገድ አረጋግጡ።

ስህተቶች ሁሉ እኩል አይደሉም። ከእንግዳ ጋር መንገድ ላይ ስታወሩ «ስትሮንግ ሬይን» ብትሉ ማንም አይጎዳም፣ ተግባብታችኋል፣ እንዳትፈሩ፣ ብቻ አውሩ። ትርጉም የሚያጠፉት ላይ ነው መጀመሪያ መስራት ያለባችሁ፣ እንደ ለቅሶው፣ እንደ አልጋው። ቀጥሎ ሰው የሚመዝናችሁ ጽሁፍ ይመጣል፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ። እዛ ላይ የሚያስፈልጉት ጥንዶች ብዙ አይደሉም። «አፕላይ ፎር ኤ ጆብ»፣ «ፎር»ዋን እንዳትረሱ። ልምድ ማግኘት «ጌይን ኤክስፒሪየንስ»። ዲግሪ የሚጠናው በ«ዱ» ወይ በ«ስተዲ ፎር»፣ ሲያዝ «ኧርን» ወይ «ጌት»። የተሰጠ ቀነ ገደብ ላይ ማድረስ «ሚት ኤ ዴድላይን»። ኃላፊነት መውሰድ «ቴክ ሪስፖንሲቢሊቲ» ከኛው ጋር አንድ ነው። ማመልከቻውን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስሞቹን ብቻ እያሰመራችሁ እያንዳንዱ ጎን ያስቀመጣችሁትን ግስ ከየት እንዳመጣችሁት ጠይቁ፣ ሰው ጽፎት ካያችሁት ይቆይ፣ ከአማርኛው ተርጉማችሁት ከሆነ ሳትልኩት በፊት ፈልጉት።